«ሚስማር ተራራ አይይዝም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ሚስማር ተራራ አይይዝም» የሚል ጽሑፍ በየግሩፑ እየዞረ ነው፣ እኔ ጋ ብቻ በሁለት ቀን ውስጥ ከአምስት ሰው ደርሷል፣ ከላኩልኝ መሃል ሁለቱ ሳይት ላይ የሚውሉ ልጆች ናቸው፣ አንደኛው «እና እኛ የምንሰራው ነገር ውሸት ነው እንዴ?» ብሎ ነው የጻፈልኝ። ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገችኝ ይቺ ጥያቄ ናት። ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው፣ ጸሐፊው የሰው ህይወት አሳስቧቸዋል፣ እኔንም የሚያሳስበኝ እሱው ነው። ግን ስሎፕ (ተዳፋት) ወድቆ ሰው እንዳይሞት ከፈለግን ስሎፑን የሚጥለው ምን እንደሆነ በደንብ መለየት አለብን፣ ጽሑፉ ደግሞ እዚህ ላይ ስቷል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ፣ ላላነበበውም እንዲገባው። ነገሩ ስለ ሶይል ኔይሊንግ ነው፣ ማለትም የተቆረጠ ወይም ሊንሸራተት የሚችል ተዳፋት ላይ በድሪል ቀዳዳ ከፍቶ፣ ፌሮ አስገብቶ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ግራውት (በውሃ በተበጠበጠ ሲሚንቶ) ሞልቶ፣ ፊቱን በሾትክሪት (በግፊት በሚረጭ ኮንክሪት) ወይም በሽቦ መረብ ሸፍኖ ማጠናከር፣ ኔይል የሚባለው ያ ፌሮ ከነግራውቱ ነው። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። አንድ፣ የሚንሸራተት አፈር ውስጥ የገባ ፌሮ አብሮ ይወርዳል እንጂ የሚይዘው ነገር የለም። ሁለት፣ 10 ሳንቲ ውፍረት ያለው ሾትክሪት 10 ሜትር ከፍታ ያለው አፈር ሊደግፍ አይችልም። ሦስት፣ ኔይል ቀድሞ ተወጥሮ ስለማይታሰር ስራ የሚጀምረው አፈሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል፣ የኮንክሪት ግንብ ግን ንቅንቅ አይልም። አራት፣ ብረቱ በ10 ዓመት ዝጎ ያልቃል። አምስት፣ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ከንቱ ነው፣ ለዚህም ሾትክሪቱ ተሰነጣጥቆ የወረደ ስሎፕ ፎቶ አያይዘዋል። ስድስት፣ አንዴ ከተቀበረ ማንም ሊያረጋግጠው ስለማይችል ለማጭበርበር የተመቸ ነው። መደምደሚያቸው ወይ የኮንክሪት ሪቴይኒንግ ዎል (የአፈር መደገፊያ ግንብ) መስራት ወይ ዛፍ መትከል ነው፣ ከዛ ውጪ ያለው ገንዘብ ማባከን ነው የሚል ነው።

በተራ በተራ ልሂድበት።

አንደኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። ጸሐፊው የታያቸው ፌሮው ሙሉ በሙሉ የሚወርደው አፈር ውስጥ ተሰክቶ ነው፣ እንደዛ ከሆነ ልክ ናቸው፣ አብሮ ይወርዳል። ግን ኔይል እንደዛ አይቀመጥም። አንድ ስሎፕ ሲንሸራተት አፈሩ በሙሉ አይደለም የሚሄደው፣ ከፊት ያለው ክፍል ነው አንድ መንሸራተቻ መስመር ላይ ተላቆ የሚወርደው፣ ከመስመሩ ጀርባ ያለው አፈር ባለበት ይቀራል። ኔይሉ ያንን መስመር አቋርጦ ያልፋል፣ ግማሹ ሊሄድ በሚፈልገው አፈር ውስጥ ነው፣ ግማሹ ደግሞ በማይሄደው ውስጥ። የፊቱ ክፍል ልሂድ ሲል ከግራውቱ ጋር ባለው መያያዝ ፌሮውን ይጎትተዋል፣ ፌሮው ደግሞ ከኋላ ያለው ጫፉ በተረጋጋው አፈር ተይዟልና አይመጣም፣ በቃ ጉተታው ፌሮው ላይ ይቀራል ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ፣ ያ ጉተታ የፊቱን አፈር ወደ ኋላው ስለሚጫነው መንሸራተቻ መስመሩ ላይ ያለው ሰበቃ ይጨምራል፣ ማለትም አፈሩ ራሱ ከበፊቱ የበለጠ እርስ በርሱ ይያያዛል። ሳይት ላይ ለሚመጡ አዲስ ልጆች ሁሌ የምላቸው ነገር፣ ኔይል አፈሩን ተሸክሞ የሚያቆም ምሰሶ አይደለም፣ አፈሩ ራሱን እንዲችል የሚያደርግ ነገር ነው። ኮንክሪት ጫና ይችላል ጉተታ ግን አይችልም፣ ስለዚህ ፌሮ እናስገባለታለን፣ አፈርም እንደዛው ነው፣ ሲጫኑት ይችላል ሲስቡት ይላቀቃል፣ የጎደለውን ነው የምንሰጠው።

ቁጥር ለሚፈልግ ሰው ቀላል ሂሳብ እነሆ። ቀዳዳው 15 ሳንቲ ስፋት አለው እንበል፣ ከመንሸራተቻ መስመሩ ጀርባ 6 ሜትር ገብቷል፣ በግራውቱና በአፈሩ መሃል ያለው መያያዝ ደግሞ 60 ኪሎ ፓስካል ነው፣ ጠንከር ባለ አፈር ውስጥ የሚገኝ ዓይነት ቁጥር ነው። የቀዳዳው ዙሪያ ስፋት 2.8 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል፣ በ60 ሲባዛ 170 ኪሎ ኒውተን አካባቢ፣ በሰዉ ቋንቋ 17 ቶን ማለት ነው። ለጥንቃቄ ግማሹን ብቻ እንቁጠር ብንል 8.5 ቶን። አንድ ባለ 25 ሚሊ ፌሮ ደግሞ 420 ሜጋ ፓስካል ጥንካሬ ካለው ለመለጠጥ 21 ቶን ገደማ ይፈልጋል። ይሄ አንዷ ኔይል ናት፣ በየአንድ ሜትር ተኩሉ እንዲህ ዓይነት ረድፍ በረድፍ ሲደረደር አስቡት። «ሚስማር» የሚለው ስም ነው መሰለኝ ሰውን የሚያሳስተው፣ እንጨት ላይ የምንመታት ሚስማር ናት ትዝ የምትለው፣ ይሄኛው ግን ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጣበቀ ረጅም የሲሚንቶ ዘንግ ነው፣ መሃሉ ላይ ብረት ያለው።

ይሄ ደግሞ በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ቬርሳይ አጠገብ የባቡር መስመር ለማስፋት እ.ኤ.አ. በ1972 በጀመረ ስራ 18 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 70 ዲግሪ ያጋደለ አሸዋማ ቁርጥ በዚህ መንገድ ነው የተያዘው። 70 ዲግሪ ማለት በዓይን ሲታይ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው የሚመስለው። አሸዋ እኮ ነው፣ ፌሮው አብሮት መውረድ ካለበት እዛ ነበር መውረድ ያለበት።

ግን እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነጥብ አለ። ኔይሉ መንሸራተቻ መስመሩን ካላለፈ ያሉት ነገር በትክክል ይሆናል። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከቁርጡ ከፍታ 7 አስረኛ ገደማ ወይም ከዛ በላይ ነው የሚሆነው፣ ለ10 ሜትር 7 ሜትርና ከዛ በላይ ማለት ነው። «ያው ነው» ተብሎ 4 ሜትር ብቻ ገብቶ የቀረ ካለ ያ ሾትክሪት ማንጠልጠያ ነው የሚሆነው። ደግሞም መንሸራተቻው ከመሬት ስር 20 እና 30 ሜትር ጠልቆ የሚሄድ ትልቅ የተራራ ናዳ ከሆነ በኔይል የሚያዝ አይደለም፣ ሌላ መፍትሄ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ «ተራራ አይይዝም» የሚለው ርዕስ ቃል በቃል ከተወሰደ ስህተት አይደለም፣ ስህተቱ ከዛ ተነስቶ ምንም ስሎፕ አይይዝም ማለቱ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ሾትክሪቱ ቀጭን ነው የሚለው። አዎ ቀጭን ነው፣ ጊዜያዊው ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ቢሆን ነው፣ ግን 10 ሜትር አፈር እንዲደግፍ ማን ጠየቀው? ኔይሉ ላይ ትልቁ ጉተታ የሚገኘው ፊቱ ላይ አይደለም፣ የላይኞቹ ረድፎች ላይ ብናይ ከቁርጡ ከፍታ 3 ወይም 4 አስረኛ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ነው፣ ለ10 ሜትር ቁርጥ 3 እና 4 ሜትር ከጀርባ ማለት ነው። የሾትክሪቱ ድርሻ በኔይልና በኔይል መሃል ያለችውን አፈር እንዳትረግፍ መያዝ ነው። እርግጥ ጌጥ ነውም አልልም፣ ቁርጡ ቀጥ ያለ ሲሆን ፊቱም የራሱ ጭነት ይመጣበታል፣ ኔይሉ ጫፍ ላይ የምትታሰረው ፕሌት ሾትክሪቱን በስታ እንዳትገባ ሂሳቡ መሰራት አለበት፣ ሜሹም ዳዶውም በስርዓቱ መታሰር አለበት። ግን ጽሑፉ ላይ እንደቀረበው እንደ ግድብ ግድግዳ አድርጎ ማየት ልክ አይደለም። ማስረጃ የሚፈልግ ሆንግ ኮንግን ይመልከት። እዛ እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1972 በአንድ ቀን ሁለት ስሎፖች ወርደው 138 ሰው ሞቷል፣ ከዛ በኋላ በ1977 የስሎፕን ደህንነት የሚቆጣጠር መስሪያ ቤት አቋቋሙ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ስሎፖችን በኔይል አጠናክረዋል፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ ሾትክሪት የሚባል ነገር የለም፣ መረብ ተነጥፎባቸው ሳር በቅሎባቸው ነው የምታዩዋቸው። ሾትክሪቱ ነው የሚይዘው ከተባለ እነዚያን ምን ያዛቸው?

ሦስተኛው፣ «ስራ የሚጀምረው ከረፈደ በኋላ ነው» የሚለው፣ ከጽሑፉ ሁሉ ሰው ልብ ውስጥ የገባው ይሄ ይመስለኛል፣ ኮሜንቱ ሁሉ ስለሱ ነው። እውነት ነው ኔይል ቀድሞ አይወጠርም፣ በዚህ ነው ቀድሞ ተወጥሮ ከሚታሰረው አንከር የሚለየው፣ ጉተታ የሚይዘው አፈሩ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ነው። ጥያቄው ትንሽ ማለት ስንት ነው የሚለው ነው። ከተለኩ ስራዎች የተገኘው ልምድ የግድግዳው ጫፍ ወደ ፊት የሚመጣው እንደ አፈሩ ዓይነት ከከፍታው ከሺህ 1 እስከ 3 ያህል ነው ይላል፣ ለ10 ሜትር ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ማለት ነው። ሊወድቅ የተዘጋጀ ስሎፕ የሚሄደው እንዲህ አይደለም። ደግሞ ጸሐፊው ቤታቸው ያለው ቢም ውስጥ ያለው ፌሮስ ቀድሞ ተወጥሯል? አልተወጠረም፣ ቢሙ ትንሽ ሲጎብጥና ኮንክሪቱ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሲያወጣ ነው ፌሮው ሙሉ ስራውን የሚጀምረው፣ ግን «ቢም ውስጥ ያለ ፌሮ ረፍዶበታል» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም።

የኮንክሪት ግንብ አይንቀሳቀስም የሚለውም ትክክል አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሪቴይኒንግ ዎል ዲዛይን ስናደርግ የምንጠቀምበት የአፈር ግፊት ራሱ ግንቡ በትንሹ ወደ ፊት ዘንበል እንደሚል ታስቦ የተቀነሰ ግፊት ነው፣ ጥቅጥቅ ባለ አሸዋ ከከፍታው ከሺህ አንዱን ያህል። ንቅንቅ እንዳይል ከተፈለገ በጣም ለሚበልጥ ግፊት ነው ዲዛይን የሚደረገው። ግን ከዚህ ሁሉ የሚከፋኝ ጽሑፉ ያልነካው ነገር ነው፦ ግንብ የሚሰራው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ስሎፑን እስከ እግሩ ትቆርጠዋለህ፣ ለመሰረት ደግሞ ትቆፍራለህ፣ ፌሮ ይታሰራል ፎርምወርክ ይቆማል ኮንክሪት ይሞላል፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ሳምንታት ያልፋሉ፣ አፈሩ ምንም ሳይይዘው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሰራተኛው ደግሞ ስሩ ነው ያለው። ሰው የሚቀበረው እዛ ሰዓት ነው። ኔይሊንግ በተቃራኒው ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ትቆርጣለህ፣ ኔይሉንና ሾትክሪቱን ትጨርሳለህ፣ ከዛ ነው ወደ ቀጣዩ የምትወርደው፣ ያልተያዘው አፈር ሁሌም ከአንድ ረድፍ አይበልጥም። እዛች ረድፍ ላይ አፈሩ አንድ ሁለት ቀን ራሱን ችሎ መቆም ካልቻለ ደግሞ ዘዴው ለዛ አፈር አይሆንም፣ ይሄንን ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ። ሁለት ረድፍ በአንዴ የሚቆርጥ ኮንትራክተር ካለ እሱ ላይ ብንጮህ አብሬ እጮሃለሁ።

ዝገቱ ላይ ረጅም አልሄድም። ፌሮ አፈር ውስጥ እርቃኑን ከተቀበረ ይዝጋል፣ 10 ዓመትም ላይቆይ ይችላል፣ እሱ ልክ ነው። ኔይል ግን ግራውት ውስጥ ነው፣ የሲሚንቶው አልካሊነት ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል፣ ልክ እንደ ማንኛውም ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ። ለዚህ ግን ብረቱ ከቀዳዳው መሃል መሆን አለበት፣ ስለዚህ በየሁለት ሜትሩ ገደማ ሴንትራላይዘር የምትባለው ፕላስቲክ ትታሰርበታለች፣ እሷ ከተረሳች ፌሮው ወለሉ ላይ ይተኛና አንድ ጎኑ አፈር ይነካል። ግራውቱ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ደግሞ ለቋሚ ስራ ጋልቫናይዝድ ወይም ኢፖክሲ የተቀባ ብረት ይገባል፣ አፈሩ ክፉ ሲሆን ብረቱ በቆርቆሮ መልክ በተሸበሸበ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ በግራውት ይሞላል። አፈሩ ክፉ መሆኑ የሚታወቀው በግምት አይደለም፣ ላብራቶሪ ሄዶ አሲድነቱ፣ ክሎራይዱ፣ ሰልፌቱና የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይለካል። ጸሐፊው «ይሄ ምርመራ ስንት ቦታ ነው የሚሰራው?» ቢሉ ኖሮ መልስ አልነበረኝም፣ ጥሩ ጥያቄም ይሆን ነበር።

አምስተኛው ውሃ ነው። እዚህ ጋ ከጸሐፊው ጋር ከምስማማበት የማልስማማበት ያንሳል፣ ግን የደረሱበት ድምዳሜ ተገልብጧል። ስሎፕ የሚጥለው በአብዛኛው ውሃ ነው። እርጥብ አሸዋ በእጅ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ ይቆማል፣ ደረቅ ከሆነ ይፈሳል፣ ውሃ ሲበዛበትም ይፈሳል። በቅንጣቶቹ መሃል ያለችው ትንሽ እርጥበት እንደ ሙጫ ስባ ነው የምትይዛቸው፣ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ያቺ ሙጫ ትጠፋለች። በደረቅ ወቅት ተቆርጦ ቀጥ ብሎ የቆመ ስሎፕ ሰውን የሚያታልለው ለዚህ ነው፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እዚህም ይሰራል። ከዛ ላይ ደግሞ ውሃው መውጫ ካጣ ከሾትክሪቱ ጀርባ ይቆማል፣ 3 ሜትር ውሃ ቢጠራቀም እግሩ ላይ በካሬ ሜትር 3 ቶን ግፊት ነው፣ ሾትክሪቱ ደግሞ ለእሱ አልተሰራም።

ይሄን ደግሞ የመስኩ ሰዎች ደብቀውት አያውቁም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ክሉተር በሚባል ብሔራዊ ፕሮጀክት ኔይሊንግን ሲያጠኑ የመጀመሪያዋን የሙከራ ግድግዳ፣ 7 ሜትር ከፍታ ያላት፣ ሆን ብለው እስክትወድቅ ድረስ ከላይ ውሃ አጠጥተዋታል። ኔይሎቹ አቅማቸው አነስ ተደርጎ ነበር የተሰራችው፣ እንዴት እንደምትወድቅ ለማየት ብለው። ውሃው አፈሩን ሲያጠግበው ወደቀች። ከዛ የወጣው ትምህርት ግን «ኔይሊንግ አይሰራም» የሚል ሳይሆን ውሃውን አስወጣ የሚል ነው። ለዚህ ነው ከሾትክሪቱ ጀርባ በኔይሎቹ መሃል ከላይ እስከ ታች የውሃ ማውረጃ ንጣፍ የሚዘረጋው፣ ፊቱ ላይ ዊፕ ሆል (የውሃ መውጫ ቀዳዳ) የሚተወው፣ ከጫፉ በላይ የጎርፍ ቦይ የሚሰራው፣ የከርሰ ምድር ውሃ ካለ ደግሞ ወደ ላይ ትንሽ ቀና ብለው ውስጥ ድረስ የሚገቡ የተበሳሱ ቱቦዎች የሚቀበሩት።

ያያያዙትን ፎቶ አሳድጌ አየሁት። ኔይል ይኑረው አይኑረው ከፎቶው አይታወቅም፣ ግን አንድም የውሃ መውጫ ቱቦ አይታይም፣ ከስሩ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ደግሞ ጠቆር ያለ የእርጥበት መስመር በአግድም ሄዷል። ያ መስመር ለእኔ ብዙ ይነግረኛል። አንድ ሳይት ላይ እንደዚሁ ዓይነት ነገር አይቻለሁ፣ ሾትክሪቱ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከስንጥቅ ወርዶ ደርቆ ነበር፣ ሲሚንቶው ውስጥ ያለፈ ውሃ የሚተወው ነው። ዊፕ ሆሎቹን ስናይ ግማሾቹ ሾትክሪት ሲረጭ ተደፍነዋል፣ አፋቸውን በጨርቅ የሸፈነላቸው ሰው አልነበረም። በድሪል አንዷን ስንከፍታት ውሃው ተፈትልኮ ወጣ፣ መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዛ ጠራ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲወርድ ነበር። ዝናብ ካቆመ ሳምንት አልፎታል። ሁሉንም ከፈትናቸው፣ የላይኛውን ቦይ አስጠረግን፣ የስንጥቁ ስፋት ላይ ምልክት አድርገን ስንከታተለው ቆመ። ያ ስሎፕ ወድቆ ቢሆን ኖሮ እሱም ፎቶው ተነስቶ «ኔይል አይሰራም» ይባልበት ነበር።

እና ለጸሐፊው የማቀርብላቸው ጥያቄ፣ ከኋላው ውሃ መውጫ የሌለው የኮንክሪት ግንብስ አይወድቅም ወይ? ይወድቃል፣ በየቦታው ወድቋል። ታዲያ ግንብ አይሰራም አንልም አይደል፣ ድሬኔጅ አልተሰራለትም ነው የምንለው።

ስድስተኛው፣ ተቀብሮ ስለማይታይ ማረጋገጥ አይቻልም የሚለው። ይሄን ሳነብ ገርሞኛል ምክንያቱም ኔይሊንግ እየተሳበ ከሚፈተሹ ጥቂት ስራዎች አንዱ ነው። ኮለምን ጭነህ አትፈትሸውም፣ ኔይልን ግን ስበህ ትፈትሸዋለህ። ዋናው ስራ ከመጀመሩ በፊት ለፈተና ብቻ የሚሰሩ ኔይሎች ዲዛይን ከተደረገላቸው ጭነት እጥፍ ድረስ ይሳባሉ፣ ከዛ ስራው ላይ ካሉት ውስጥ ደግሞ በአሜሪካ ፌዴራል ሀይዌይ ማንዋል መሰረት ቢያንስ 5 በመቶዎቹ እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ይሳባሉ።

አንዴ የሆነውን ላውራ። ሳይቱ ደለልና ሸክላ የተቀላቀለበት አፈር ነው። የፈተና ቀን ነው፣ ክሪኩ በጣውላና በብረት ፍሬም ላይ ተቀምጧል፣ አንድ ልጅ የእጅ ፓምፑን ይዟል፣ እኔ እንቅስቃሴ የምትለካዋ ዳያል ጌጅ ላይ አፍጥጫለሁ። ጭነቱ በደረጃ እየጨመረ ሄዶ ጥሩ ነበር፣ የመጨረሻው ላይ ደረስን፣ እዛ ላይ ጭነቱን ሳትቀንስ 10 ደቂቃ መያዝ አለብህ፣ ከ1ኛው እስከ 10ኛው ደቂቃ ኔይሏ ከ1 ሚሊ በላይ መውጣት የለባትም። ቀስቷ መቆም ነበረባት። አልቆመችም። በጣም በዝግታ፣ ዓይን ካልተከለ በስተቀር በማይታወቅ ሁኔታ፣ ትዞራለች። በ5ኛው ደቂቃ 1 ሚሊ አለፈች፣ በ10ኛው 3 ሚሊ ልትሞላ ነው። ፓምፑን የያዘው ልጅ «ኢንጂነር፣ ግፊቱ እየወረደ ነው ልጨምር?» አለኝ፣ ጨምር አልኩት፣ ቀስቷም መሄዷን ቀጠለች። የተመዘገበውን ደብተር አስመጥተን ስናይ ያቺ ቀዳዳ የተቆፈረችው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሲሚንቶ አልቆ ሳትሞላ አድራለች፣ ከእሷ ጋር ሌሎች ሦስትም አድረዋል። ቀዳዳ ክፍት ሲያድር ግድግዳው እርጥበት ስቦ ይላላል፣ ከላይ የሚረግፈው ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ጠዋት ግራውት ብትሞላው የሚጣበቀው ከላላው ጭቃ ጋር ነው። ሦስቱንም ሳብናቸው፣ ሁለቱ ወደቁ። አጠገባቸው አዲስ ቀዳዳ ተቆፍሮ በዛው ቀን ተሞላ፣ እነሱ ሲሳቡ ቀስቷ ቀጥ ብላ ቆመች። አፈሩ ያው ነው፣ ፌሮው ያው ነው፣ ሲሚንቶው ያው ነው።

ፈተና በሌለባቸው ኔይሎችም ላይ ቢሆን ዓይኑን የከፈተ ሰው ብዙ ያያል። 15 ሳንቲ ስፋት፣ 8 ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ 140 ሊትር ገደማ ግራውት ይፈልጋል፣ 100 ሊትር ገብቶ «ሞላ» ከተባለ ውስጡ አንድ ቦታ ባዶ ነው። ግራውቱ በቀዳዳው አፍ በኩል ሲጨመር ካየህ አስቁመው፣ ቱቦው እስከ ቀዳዳው መጨረሻ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጪ ነው መሞላት ያለበት፣ አለዚያ አየር ይታፈናል። ፌሮው ከመግባቱ በፊት ርዝመቱን በሜትር ለካ፣ ከገባ በኋላ የሚታይህ ጫፉ ብቻ ነው። ጸሐፊው ማጭበርበር ይቻላል ያሉት በዚህ በኩል እውነት ነው፣ ሱፐርቪዥን ከሌለ አጭር ፌሮ ገብቶ ፕሌት ሊታሰርበት ይችላል፣ ይሄን ልክድ አልፈልግም። ግን የግንብ መሰረትም ይቀበራል፣ የኮለምን ፌሮም ይሸፈናል፣ መፍትሄው ሲሰራ እዛው መቆም ነው።

አሁን ያቀረቧቸው ሁለት አማራጮች። ግንብ ጥሩ ነገር ነው፣ በተለይ ሙሌት አፈር ከሆነ፣ ማለትም ከጀርባው አፈር አምጥተህ የምትሞላበት ቦታ ከሆነ፣ እዛ ኔይል ማሰብም አያስፈልግም። የተፈጥሮ ተዳፋት ቆርጠህ ስትገባ ግን ከላይ ያልኩት የቁፋሮ አደጋ አለ። ዛፍና ሳርም እወዳለሁ፣ የቬቲቨር ስር እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፣ የላይኛውን አፈር ከመሸርሸር ይጠብቃል፣ ቀጭን መንሸራተትንም ይቀንሳል። ግን መንሸራተቻው 5 ሜትር ውስጥ ከሆነ ስሩ አይደርስበትም፣ ዛፉ ቆሞ አብሮ ነው የሚወርደው፣ ዛፉ ሳይወድቅ መሬቱ ይዞት የሄደበትን ናዳ ያየ ሰው ያውቀዋል። እነዚህ ደግሞ የግድ አንዱን ምረጥ የሚባሉ አይደሉም፣ ኔይል ከመረብ ጋር ገብቶ ላዩ ላይ ሳር ይበቅላል።

ጽሑፉ ቢጨምራቸው ኖሮ ጠቃሚ ይሆኑ የነበሩ ነገሮችም አሉ፣ እኔ ልጨምርላቸው። ኔይሊንግ የማይሆንባቸው አፈሮች አሉ፦ ሲቆረጥ ወዲያው የሚረግፍ ልል ደረቅ አሸዋ፣ ለስላሳ ጭቃ የሆነ ሸክላ፣ የበሰበሰ እጽዋት የሞላበት አፈር፣ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ ሸክላ፣ እና ቀዳዳው ገና ሲቆፈር ውሃ የሚፈልቅበት ቦታ። እዛ ላይ ኔይል ይግባ የሚል ሰው ካለ እኔም ከጸሐፊው ጎን ነኝ። ሌላው ደግሞ ኔይሉ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከላይ ያለው መሬት የሌላ ሰው ከሆነ በጎረቤት ይዞታ ስር ነው የሚሄደው፣ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ነገ ጎረቤት ሰርዳብ ቤት ልስራ ብሎ ቢቆፍር ይቆርጠዋል። የውሃ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድም በቅድሚያ መታወቅ አለበት።

ለጠየቀኝ ልጅ በዚያው ቀን አጭር መልስ ጽፌለት ነበር። ውሸት አይደለም የምትሰሩት፣ ግን ነገ ጠዋት ሳይት ስትገባ መጀመሪያ ማታ ክፍት ያደረ ቀዳዳ መኖሩን እይ፣ ካለ ግራውት እንዳይሞላበት አስቁምና እንደገና ድሪል ይደረግ በል፣ ፎርማኑ ከተቆጣ እኔ ጋ ደውል አልኩት። በነጋታው ሁለት ሰዓት ላይ ደወለ፣ ስድስት ቀዳዳ አድሯል።